የማኅበሩ ሰልፍ

«ከዚህ ሁሉ ልጅ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ!» አለች ልጅቷ፣ እንደ እሷው ወላጆቻቸው ባሕር ላይ ለሞቱባቸው ልጆች። ከጀርመን የጫናቸው መርከብ ቴክሳስ ጠረፍ ከደረሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጅ የሌላት ኦቲሊ የምትባል ሴት ከባሏ ጋር መጥታ፣ የልጅቷን ፀጉር አበጥራ፣ «ነይ፣ ልጄ» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ የሴትየዋን እጅ ሙጭጭ አድርጋ እንደያዘች ነው።

መሬት በሚታደልበት ሰልፍ ተራቸው ደርሶ ስደተኞቹን ያመጣው ማኅበር ጸሐፊ ፊት ቀረቡ።

«ልጅቷ የማን ናት?»

«የእነሱ ነኛ!» ብላ እሷው ቀደመች። «አልጋዬን በመስኮቱ በኩል ነው የሚያደርጉልኝ። አይደል... እማዬ?»

እማዬ ስትል ምላሷ ትንሽ ተያዘ፤ የሞተችው እናቷ መጣችባት። ግን አለችው።

«አዎ፣ ልጃችን ናት» አለች ኦቲሊ።

«እንግዲያው ልጅ ላለው መሬቱ እጥፍ ነው» አለና ጸሐፊው ማኅተሙን አሳረፈ።

ባልየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ልጅቷ ፊቷ በርቶ፣ «ቤታችን በየት በኩል ነው፣ እማዬ?» አለች።

«ማኅተሙ አረፈ እኮ» አለች ሴትየዋ። «በይ እጄን ልቀቂ።»