ስም የማትጠይቀው ነርስ

ሰውየው ከትናንት ጧት ጀምሮ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ከግራሯ ሥር ተቀምጧል። ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ዓይኑን ከኮኪት መንገድ አይነቅልም።

«ሲስተር፣ ያ ሰውዬ ዛሬም እንደተጎለተ ነው» አለ ዘበኛው ደረበ። «ውሃ ባቀርብለት እንቢ አለኝ። የጠማው ደም ነው መሰል።»

«አፍህ ይቆረጥ!» አለች ሲስተር ስርጉት። አማተበች።

ትናንት እንደመጣ፣ በጎጃም አነጋገር «ፋናዬ የምትባል ልጅ እናንተ ዘንድ አለች?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም ዓይኗን ሳታሽ «የለችም» አለችው። መሣሪያ ይዞ ሴት ልጅ የሚፈልግ ሰው ለበጎ አይፈልግም።

ፋናዬ ግን ውስጥ ተኝታለች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከወረዱት ጋር መጥታ ካምፕ ውስጥ ወጥ ትሠራለች። ማክሰኞ ወባ ጥሏት ስትመጣ፣ ተደፍራ ማርገዟንም ተናገረች። ማን እንደሆነ አላለችም፤ ስርጉትም አልጠየቀች። ጽንሱን ለማቋረጥ ሕጉም የልጅቱ ቃል ይበቃል ይላል። እንዲህ ያሉ ልጆች ስም ሲጠየቁ ይሸሻሉ። ሸሽተው የሥር መድኃኒት ጠጥተው የቀሩትን፣ ስንቱን እንደቀበረች እግዜር ያውቃል።

ዛሬ፣ ሐሙስ፣ ወባው ለቀቃት። የማቋረጫውን የመጀመሪያ ክኒን ስርጉት ፊት ዋጠች። የቀሩትን አራት ስርጉት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«እነዚህን ነገ በዚህ ሰዓት ጉንጭሽ ውስጥ ትይዣቸዋለሽ። ይቆርጥሻል፣ ደምም ይፈስሻል፤ አትደንግጪ። ከበዛ ግን ቶሎ ነይ።»

«እዚሁ ብቆይስ፣ እትዬ?»

«አልጋው ለወላድ ይፈለጋል የኔ እናት። ይሄ ቤት ሆነው የሚጨርሱት ነገር ነው።»

በር ላይ ስላለው ሰው አልነገረቻትም፤ እንዳትሸበር ብላ።

የትራክተር ነጂው ይርዳው በጓሮ በር ገባ። ልጅቱን ያመጣት እሱ ነው። በየቀኑም ብርቱካን ይዞ ይጠይቃታል።

«እንዴት ናት የኛ ሙሽራ? ካምፑ እኮ ጨው የሌለው ወጥ ሲበላ አለቀ!»

ስርጉት ሳቀች። ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አፍራ ነው፣ አለች ስርጉት በልቧ። ይርዳውን ወደ ጥግ ጠራችው።

«በዋናው በር እንዳትወጡ። የታጠቀ ሰው ይፈልጋታል።»

የይርዳው ሳቅ ጠፋ። «ምን ዓይነት ሰው?»

«ሸበቶ ነው። አነጋገሩ የጎጃም።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ሲስተር። በማሳው አቋርጣለሁ።»

ፋናዬን አሳፍሮ ትራክተሩ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችና «ተመስገን» አለች። አሁን ልቧ ደፈረ፤ ወደ ሰውየው ወጣች።

«አባባ፣ በከንቱ አይድከሙ። ልጅቱ ሄዳለች።»

ብድግ አለ። «ከማን ጋር?»

«ካመጣት ሰው ጋር። ከይርዳው።»

ክላሹ ከእጁ ወደቀ።

«ስሙን ልካልኝ፣ እንዳይደርስባት መንገዱን እየጠበቅሁ ነበር። ልጄን ለደፈራት ሰው መልሰሽ ሰጠሽው?»