ወንዳፈረው የዘራው ስንዴ

ወንዳፈረው የጊምቢቹ ገበሬ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን በጃንሆይ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ቦምብ በእጁ ይጥል ነበር፣ እውነቴን ነው! በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ በእግሩ ወደ አገሩ ተመለሰ። ደሞዝ የለ፣ ሽልማት የለ። ክረምቱ ሲገባ በዚያው እጁ ስንዴ ዘራ።

ሚስቱ አሰገደች ስለ ጦርነቱ ስትጠይቀው፣ "ጣሊያን ይሰፍርበታል ተብሎ አንድ መንደር መታን። ባዶ ነበር፣ ሰዉ ሸሽቷል" ይላታል፤ ሌላ አይጨምርም።

ስንዴው በበቀለ ጊዜ ሁለቱ ጉብታው ላይ ወጥተው አዩት። ቡቃያው ክብ ክብ እየሠራ ነው የወጣው።

"ምነው አንተ፣ ጎርፍ አጠበው እንዴ?" አለች አሰገደች።

ወንዳፈረው አስራ አንድ ክብ ቆጠረ። አስራ አንድ ጎጆ! ወደ ወንዝ የሚወርደው መንገድ እንኳን አልቀረም። ከሰማይ ሆኖ ያየው ያው መንደር ነው።

"ያ የመታነው መንደር ነው" አላት።

"ባዶ ነበር ያልከኝ?"

"ባዶ ነበር እኮ! ማርያምን!"

በማግስቱ ከየክቡ አዲስ ቡቃያ ወጣ፤ የእግር ቅርጽ ያለው፣ የትልቅም የሕፃንም፣ ሁሉም ወደ እነሱ ቤት የዞረ። ወንዳፈረው በሬዎቹን ጠምዶ ማሳውን በሙሉ ገለበጠው። አሰገደች "ምን ልንበላ ነው?" ብላ ብትለምነውም አልሰማትም።

ቀትር ላይ ጨርሶ ሲመለስ አሰገደች ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች። ከበሩ እስከ መኝታቸው ድረስ፣ በተለቀለቀው ወለል ላይ፣ ትንንሽ አረንጓዴ እግሮች በቅለዋል።

አሰገደች ዞር ብላ እንኳን አላየችውም።

"ስንት ነበሩ?" አለችው።