የታቀፍኳት ብልቃጥ

መርዶው የመጣ ዕለት ብልቃጧ ወገቤ ላይ ነበረች።

ባለቤቴ ሳሊህ ጠዋት ነው የሰጠኝ። የሚሠራበት ክፍል መብራት እየጠፋ ማሞቂያው ስላስቸገረው፣ መቀነቴ ውስጥ ጠቅልሎ ራሱ አሰረልኝ። ጥርት ያለ ውሃ ነበረባት፤ ውሃው ውስጥ ጣት የማያህል ነጭ ክር። ክዳኗን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎታል።

«እስክመለስ ታቀፊያት» አለኝ። «የሰው ገላ መብራት አይጠፋበትም።»

«እንደ ዶሮ? ምን ልትፈለፍልልኝ ነው?»

«ምንም!» ብሎ ሳቀ። «ምንም ካልተፈለፈለ በግ አርደሽ ታበይኛለሽ።»

እየሳቀ ወጣ። ወደ ዓዲግራት በለስ ሊያመጣ ነበር፤ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ከአስከሬኑ ጋር የበለሱ ጆንያም መጣ። ማንም አልቀመሰው፤ ግቢው ውስጥ እንዳለ ሸተተ።

ሥራው በለስ ነበር። ይጨምቀዋል፣ ያኮመጥጠዋል፣ ከኮምጣጣው ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱን አቅልጦ ክር ይስባል። የሐኪም ክር፤ የሰው ሆድ ዕቃ የሚሰፋበት። ከዚያ በላይ አይነግረኝም። «ያላለቀ ሥራ ሲያወሩት ይነጥፋል» ይላል። የጀመረው እናቱ ከሞቱ በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ ሆዳቸው ተከፍቶ፣ የሐኪም ክር ጠፍቶ፣ በተገኘው ክር ተሰፉ። ቁስሉ ዳነ። ከወራት በኋላ ውስጡ መግል ቋጠረ፤ እንደገና ቢከፈት ክሩ እንደተሰፋ ቁጭ ብሏል። አልተረፉም።

ለቅሶው ላይ ፍሬወይኒ መጣች፤ አብራው የምትሠራ ሐኪም ናት። አቅፋኝ አለቀሰችና ጆሮዬ ሥር፦

«ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ እህቴ። ብልቃጧ አንቺ ጋ ናት?»

ወገቤን አስነካኋት።

«ክር መሳቢያው ማሽን ተበላሽቷል፤ ሌላ ክር የለንም። ሥራው ይቀጥል አይቀጥል በእሷ ነው የሚታወቀው። ለትምህርት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ እስክመለስ እንዳትከፍቻት። እንዳትበርድም።»

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ተቀመጥኩ። ሳልኳል፣ ሳላጌጥ፣ ደጅ ሳልወጣ። ብልቃጧን ሌሊት በጎኔ፣ ቀን በወገቤ ይዤ ከረምኩ። ብርድ እንዳያገኛት ስለምፈራ እየፈታሁ አላያትም ነበር። ከሳሊህ የቀረኝ እሷ ነበረች።

የሳሊህ ታናሽ ወንድም አብዱልወዱድ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ክርና ቁልፍ ይሸጣል። ከዓስር ሶላት በኋላ ዳቦ ይዞ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ገና በመጀመሪያው ሰሞን፣

«እስቲ የወንድሜን ክር አሳዪኝ፣ ኡሙሀኒ» አለ።

ሰጠሁት። መስኮቱ ላይ አንስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ክር ስሸጥ ሸበትኩ፤ እንዲህ የሚያበራ አላየሁም። አንድ ጥቅልል ቢኖረኝ ሱቁን እዘጋ ነበር።»

ሲወጣ፣ ልታጽናናኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ ረምላ ወደ እኔ ዞረች። «ዓይኑን አየሽው? ድመት ሥጋ ቤት በር ላይ እንዲህ ናት።»

«ተይ ረምላ፣ ወንድሙ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ድመት ነው ያልኩት።»

አንድ ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ረምላ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ እኔ ተኝቻለሁ፣ አብዱልወዱድ በሩ ላይ ተቀምጧል። እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል።

«ምን ይዘሃል?»

ብልቃጧን አወጣ። «ከመኝታዋ ወድቃ አገኘኋት። እንዳትበርድ ብዬ ነው።»

ረምላ ተቀብላው መልሳ አሰረችልኝ።

ዒዳዬ አለቀ። ታጠብኩ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ ብልቃጧን ፈታሁ። ፕላስተሩ እንዳለ ነው። ውሃውም እንዳለ ነው። ክሩ የለም። ነቀነቅኳት፣ ገለበጥኳት፣ ፀሐይ ላይ አወጣኋት። የለም።

«ክር ነጋዴ ፕላስተር መልሶ መለጠፍ ያቅተዋል?» አለች ረምላ። ራሷ ሽማግሌ ጠራች።

አብዱልወዱድ ዳቦውን እንደያዘ መጣ። ሲነግሩት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ወላሂ አልነካሁም። የወንድሜን አጥንት የምሸጥ እመስላለሁ?»

«አጥንቱን ማን አለህ? ክሩን ነው ያልንህ» አለች ረምላ።

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ መስጊድ ሄዶ ይማል አሉ።

«እምላለሁ» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ነው ያለው። «ግን ከማልኩ ወዲያ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም፣ ኡሙሀኒ። የሳሊህን ቤት ደህና ሁን በይልኝ።»

ላምነው ፈለግኩ። ብልቃጧ ግን መዳፌ ላይ ናት።

ጫማውን ሲያጠልቅ ፍሬወይኒ ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። መምጣቷ ነው። ረምላ ብልቃጧን ከእጄ ነጥቃ ዘረጋችላት።

«ይኸው ዶክተር፣ የአደራሽን ጉድ እዪ!»

ፍሬወይኒ መስኮቱ ላይ አነሳቻት። ፊቷ ተለወጠ።

«በርዳ ነበር?»

«አንድ ሌሊት እንኳ አልበረደችም» አልኳት።

ፕላስተሩን በጥፍሯ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ የትም አልተላቀቀም። ራሷ ቀደደችው። ከቦርሳዋ ቀጭን ወረቀት አውጥታ ውሃው ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ቀላ።

«ኮምጥጧል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የምትጮኽ መስሎኝ ትከሻዋን ያዝኩ።

«ክሩ ሟሟ እንጂ አልተሰረቀም። እናቱ የተሰፉበት ክር ቢሆን ኖሮ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ዛሬም እዚህ ተጋድሞ ታገኙት ነበር።»

ረምላ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። አብዱልወዱድ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቆመ።

ሰደቃው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ነው፤ በጉን አብዱልወዱድ ገዝቷል። ምንም አልተፈለፈለምና ኑ ብሉ፤ ለሳሊህም ዱዓ አድርጉለት።