የጣት ዕዳ

ሳጅን ጥላዬ ከጣቢያ ሲገባ ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። ሚስቱ አንጓች ግን አልደነገጠችም። ጣቶቹ ማበጣቸውን ስታይ ከጥቁር ነጠላዋ ውስጥ ፊቷ ፈካ አለ።

"አገኘኸው?"

"ዛሬ ወደ እኛ ጣቢያ አዛወሩት።"

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ፖሊስ እስረኛ ከመታ ከፖሊሱ ቆዳ ሥር የተቀበረችው ፍሬ የምታህል መሣሪያ ምቱን ወደ ራሱ ገላ ትመልሰዋለች። ጉንጭ የመታ ጉንጩ ያብጣል፤ ጣት የሰበረ ጣቱ ይሰበራል። በጣቢያው ጥፊ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል። አለቆቹም ማን የራሱን አጥንት ይሰብራል ብለው፣ ገዳዩን ከሟች አባት ማራቅ አላስፈለጋቸውም።

"ልጃችንን ናሁሰናይን የወጋበትን እጅ ነው" አላት ጥላዬ። "አንድም ጣት አልተውኩለት።"

አንጓች ሽሮውን አቀረበች። እጁ እንጀራ መቁረስ ሲያቅተው ጠቅልላ አጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችው። ሦስተኛውን ግን አፉ ጋ ስታደርስ እጇ ቆመ።

"የልጄ ስም ችሎት ላይ ሲነሳ ይስቅ ነበር" አለች። "ጥርሱ አሁንም አለ?"

"አለ።" ጥላዬ አቀረቀረ። "እሱን ካረገፍኩማ እኔስ በምን እበላለሁ፣ አንጓች?"

አንጓች ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ አላመጠችው።

"አንተ ነገ ግባ" አለችው። "እኔ እያኘክሁ አጎርስሃለሁ።"