የጠፋው የእድር ድንኳን

ዶክተር ራኬብ እንዳለ የሰው ትዝታ እንዴት እንደሚሳሳት ታጠናለች። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ቢሮ አላት። ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እንዲያምን ሦስት ቀጠሮ እንደሚበቃው ታውቃለች። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሷ ሙያ ግን በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ነው። የልጅነት ሰፈሯን የእድር ዳኛ አቶ እሸቴን የጠራቻቸው ለጥናት ብላ ነው። ውሸቷን ነው፤ ለበቀል ነው።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የሰፈሩ እድር ድንኳን ጠፋ። «ተሸክሞት ሲወጣ አይቻለሁ» የሚል ምስክር ተገኘና አባቷ በስብሰባ ላይ ከእድሩ ተሰረዘ። በዓመቱ ሲሞት ጥሩንባ አልተነፋለትም፤ አስከሬኑን የተሸከሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እናቷ ስለዚያ ስብሰባ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሞተች።

ራኬብ ግን ስብሰባውን አሁን ድረስ ታየዋለች። ሰዉ ብዙ ስለነበር ወንበር ላይ አቁመዋታል። አፏ ውስጥ ከረሜላ አለ። ሁሉም ዞሮ ያያታል፤ የሌባ ልጅ ናትና። የእድሩ ዳኛ አቶ እሸቴ እጃቸውን ዘርግተው አባቷን በጣታቸው ያሳያሉ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትላለች ሁልጊዜ።

አቶ እሸቴ ሰማንያ አልፏቸዋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ የቢሮዋን ደረጃ በከዘራ ወጡት።

«ድንኳኑን ከመጋዘን ያወጡት እርስዎ ነበሩ» አለቻቸው። «ዝናብ ነበር። ትዝ አይልዎትም?»

«ኧረ እኔ አላወጣሁም፣ ልጄ።»

«ቀስ ብለው ያስቡት።»

በሁለተኛው ቀጠሮ የመጋዘኑን ፎቶ አሳየቻቸው።

«አንቺስ ከዚያ ቀን ምን ትዝ ይልሻል?» አሏት።

ነገረቻቸው።

«የእኔ ጣት» አሉና ጣታቸውን አዩ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጥያቄዋን አላስጨረሷትም።

«ብናገረው ያሳርፍሻል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ድምፄን ቅጂ። ድንኳኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ራኬብ ቅጂውን ደጋግማ ሰማችው።

ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በተከራየው አዳራሽ በየወሩ ይሰበሰባል። ከድሮዎቹ አባላት በሕይወት የቀሩት አቶ እሸቴ ብቻ ናቸው። እሑድ ዕለት ራኬብ ቅጂውን አሰማች። አዳራሹ ተንጫጫ።

«የአባቴ ስም ይመለስ፤ እሳቸው ይሰረዙ!» አለች። «ሲሞቱ ጥሩንባ አይነፋላቸው። እሳቸውንም አራት ሰው ይሸከማቸው!»

አቶ እሸቴ አንገታቸውን ደፍተው «ይሁን» አሉ።

ጸሐፊዋ ወይዘሮ አይናዲስ ያረጀውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ አወጡ። በእድሩ ደንብ የቀድሞ ውሳኔ የሚሻረው መጀመሪያ በአባላቱ ፊት ሲነበብ ነው።

«አይነበብ!» አቶ እሸቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አምኛለሁ አይደል? ዝም ብላችሁ ሰርዙኝ!»

«ይነበብ» አለች ራኬብ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ይህችን ሰዓት ነው። «አንዲት ቃል ሳትቀር።»

ወይዘሮ አይናዲስ መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን አዩ፤ ራኬብን አዩ። ከዚያ አነበቡ።

«ምስክር፦ ራኬብ እንዳለ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን። ወንበር ላይ ቆማ አባቷን በጣቷ አሳየች።»