እሳቸው ሰምተዋል

መረብ ጠጋኙ የሚቀመጠው ጀልባዎች ከውሃ እየተጎተቱ በሚወጡበት ተዳፋት አናት ላይ ነው። አባቱም እዚያው ቁጭ ብሎ መረብ ሲጠግን ነው ያረጀው። አሁን ግን አንድ ድርጅት ከየት መጣ ሳይባል መጣና ተዳፋቱን ከወደቡ ዳርቻ ጋር አጥሮ ሆቴል ሊሠራበት ነው። ጀልባው በየት ይውጣ? መረቡ የት ይሰጣ? የወደቡን ሰው የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዓሣ ሻጮቹ ገቡ፣ ጀልባ ነጂዎቹ ገቡ፣ የመረብ ጠጋኙ የእህቱ ባልም ገባ። መረብ ጠጋኙ ሊቀመንበር ሆነ፤ ድምፁ ከሞተር ጀልባ ይበልጣል ተብሎ ነው የተመረጠው። የእህቱ ባል በወደቡ በወዲያኛው ጫፍ የድርጅቱ በር ጠባቂ ነው። «እሰየው፣ ከውስጥ ዓይን አገኘን» አሉ ሁሉም።

የመጀመሪያው ዕቅድ ቀላል ነበር። ማሽኖቹ የሚመጡ ቀን ጀልባዎቹን መንገዱ ላይ ደርድሮ መዝጋት ነው። ወገባቸው እስኪቆረጥ ጎትተው ደረደሩ። ማሽኖቹ በጓሮ በኩል ገቡ።

«እሳቸው ሰምተዋል አሉ» አለ የእህቱ ባል።

«ከማን?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ደግሞ እሳቸው ይላል! አንቱታው ምን ይሁነኝ ብለህ ነው?» አለች አንዷ ዓሣ ሻጭ።

«ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶ ነው።»

የድርጅቱ አለቃ ማን እንደሆነማ የጠፋው የለም። በየጠዋቱ ወደቡ አፍ ላይ አንድ ጥቁር መኪና ይቆማል። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፀሐይ እስክትከር ድረስ ተዳፋቱን ሲያይ ያረፍዳል። ሰላምታ የለ፣ ፈገግታ የለ። ዓሣ ሻጮቹ እጣቢያቸውን ሆን ብለው ወደ ጫማው ይደፋሉ። ሰውዬው ጫማውን ይጠርግና መልሶ ይገተራል። ዓይን አውጣ!

ደግነቱ እትዬ ነበሩ። እትዬ ሐኪም ለጉልበትዎ በእግር ይሂዱ ያላቸው አሮጊት ናቸው። በየጠዋቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዱና የተገለበጠ ጀልባ ላይ ይቀመጣሉ። መረብ ጠጋኙ ሲቋጥር የመረቡን ጫፍ ይይዙለታል። ሰው የሆዱን ሲያወራ እንደሳቸው የሚያዳምጥ የለም። «ከዚያስ?» ይላሉ። «እና መቼ አላችሁ?» ይላሉ። ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ መልካም ይሆናል» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎት ይውላል።

ሁለተኛው ዕቅድ ከበድ ያለ ነበር። የከተማው ሹማምንት ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ፣ ሰዉ ልጅ አዋቂ ሳይል ተዳፋቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሊጠብቃቸው ነው። ሰዉ ወጥቶ ቁጭ አለ። ፀሐይ አናቱን መታችው። ሹማምንቱ የውሃ ሽታ አልሆኑም?

«እሳቸው ሰምተው ቀኑን አስለውጠዋል» አለ የእህቱ ባል አንገቱን ደፍቶ።

የመረብ ጠጋኙ ደም ፈላ። «ጆሮ ጠቢው አንተ ነህ!»

«ልጆቼ ይሙቱ፣ ትንፍሽ አላልኩም! ይልቅ እሳቸው ራሳቸው ጠዋት ጠዋት ወደ ውሃው ይወርዳሉ። አፋችሁን ያዝ ብታደርጉ ይሻላል።»

«እሱንማ በዓይናችን እያየነው ነው! ውጣ!»

ሰውዬው ከኮሚቴው ወጣ። እህትየው «ባሌን ካላመንክ እኔንም አላመንክም» ብላ በሯን ዘጋችበት። መረብ ጠጋኙ ጠዋት ይህንን ሲያወራላቸው እትዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ታረቀው ልጄ፣ በሞቴ። ሰውዬው ምንም ያጠፋ አይመስለኝም።»

እትዬ ሆደ ቡቡ ናቸው። ሰውን ሁሉ እንደ ራሳቸው ያያሉ።

የቀረው ስብሰባው ብቻ ነበር። ከተማው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ በዚያው ሊወስን ነው። መረብ ጠጋኙ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ አግኝቷል። ሽማግሌው ተዳፋቱን የወደቡ ሰው በጀርባው ድንጋይ ተሸክሞ ሲሠራው በዓይኑ ያየ፣ አብሮም የተሸከመ ነው። ተነሥቼ እመሰክራለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። መረብ ጠጋኙ ይህንን ለኮሚቴው እንኳ አልተነፈሰም። ኮሚቴ ሲባል አንጀቱ ቆርጧል። ጠዋት እትዬ ብቻ «አይዞህ ልጄ፣ መልካም ይሆናል» ብለውታል።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። መርከበኛው ግን ከፊት፣ ከድርጅቱ ሰዎች መሃል፣ አዲስ ኮት ለብሶ ተቀምጧል። የሆቴሉ የባሕር አማካሪ ሆኗል አሉ። ስለ ተዳፋቱ ሲጠየቅ «እንጃ፣ እርጅና ነው፣ ረስቻለሁ» አለና ኮቱን አስተካከለ።

መረብ ጠጋኙ ነገሩ ወዲያው ገባው። መርከበኛው የእህቱ ባል የግድግዳ ጎረቤት ነው! ሲገባ ሲወጣ አይቶት ይሆናላ! ዘወር ሲል ያ ከሃዲ የጥበቃ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑን አፍጥጦ፣ በአገጩ እየጠቆመ፣ የሆነ ነገር ሊነግረው ይሞክራል። መረብ ጠጋኙ ፊቱን አዞረበት።

እትዬ እንኳ በዚያ ጉልበታቸው መጥተው፣ ከሰዉ ጋር ተጋፍተው፣ አጠገቡ ተቀምጠዋል። እጁን ያዝ አደረጉት። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አሁን የድርጅቱ ባለቤት ይናገራሉ» አለ ሰብሳቢው። «እሳቸው ዛሬ በአካል ተገኝተዋል።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ባለ መነጽሩ ዞረ። ዓሣ ሻጮቹ አጉረመረሙ። ባለ መነጽሩ ተነሣ፣ መድረኩ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ፣ ወንበሩን ሳብ አደረገና ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ።

«ያዝልኝ ልጄ» አሉና እትዬ ቦርሳቸውን መረብ ጠጋኙ ጭን ላይ አስቀምጠው ተነሡ።