ቲማቲም የተዘረጋበት መንገድ

አንዲት ወጣት ነርስ በብስክሌት ስትመጣ፣ ቲማቲም ሻጯ አሮጊት እንደ ልማዳቸው ሸራቸውን ለብስክሌት በተቀባው አረንጓዴ መንገድ ላይ ዘርግተው ነበር። ጠዋት ደንብ አስከባሪው «እማማ፣ ይነሱ» ቢላቸው፣ «እኔ እዚህ ስቀመጥ አንተም ቀለምህም አልተወለዳችሁም» ብለው አባረውታል። ልጅቷ ቲማቲሙን ላለመንካት ወደ መኪናው መንገድ ልትወጣ መሪዋን ጠመዘዘች። ከኋላዋ የሚበረውን አውቶቡስ አላየችም።

አሮጊቷ አዩት። «በቲማቲሙ ላይ ነይ!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ሰማች፤ ግን የአሮጊት እንጀራ መርገጥ ነውር ሆነባትና የፊት ጎማዋ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለ። «ርገጪው አልኩሽ፣ አንቺ ጅል!» የአውቶቡሱ ጡሩንባ አምባረቀ። ሸራውን ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረም። አሮጊቷ ብድግ አሉና ከፊት ያለውን ቀይ የቲማቲም መደብ በገዛ እግራቸው ጨፈለቁት። «ይኸው! እኔም ረገጥኩት!»

ያን ጊዜ ልጅቷ መሪዋን መለሰች። ጎማው ቲማቲሙ ላይ ተንሸራተተ፤ እሷም ከነብስክሌቷ አሮጊቷ ላይ ተከመረች። አውቶቡሱ ከፀሐይ ያስጠለላቸውን ዣንጥላ በነፋሱ ገልብጦ አለፈ።

«እማማ... ቲማቲምዎን...» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ዝም በይ! ይሉኝታሽ ሊገድልሽ ነበር እኮ!» አሉና ፊቷን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ከዚያ እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን አዙረው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሽንኩርት ሻጭ ላይ ጮኹባት።

«አንቺስ ምን ተጎልተሽ ታያለሽ? አንሺ ሽንኩርትሽን! ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ!»